ከውጭ የገባ ፈንግል

ሰው በእጁ ይሰርቃል፣ በምላሱ ያማል፣ በዓይኑ የሰው ይመኛል። እኔ የዕድሜዬን ትልቁን ጥፋት የሠራሁት በእግሬ ነው። ምላሴ የተከተለችው ኋላ ነው። እሷም ብትሆን እግሬ ያበላሸውን ልትሸፍንልኝ ብላ ነው እንጂ ክፋት አልነበራትም። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ስንት ዓመት ኖርኩ! ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ይቺን ክፍል ዘልያት ነው የማልፈው። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ብቻ እሳቸውን የምታውቋቸው ካላችሁ አደራ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ናዝሬት ከተማ፣ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ በረዳትነት እሠራ ነበር። ረዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፦ ዶክተሩ በሬውን ይወጋል፣ በሬው ደግሞ ረዳቱን ይወጋል። ሥራዬ ይኸው ነበር። የሰፈሬ ሰው ግን "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን "ኧረ እኔ ረዳት ነኝ" እያልኩ አርም ነበር። በሁለተኛው ወር ማረሙ ሰለቸኝ። በሦስተኛው ወር ላይ "ረዳት" ብሎ የሚጠራኝ ሰው ያስቀይመኝ ጀመር።

አለቃዬ ዶክተሩ ቡልጋሪያ ተምረው የመጡ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ትዕግሥታቸው ከቁመታቸው ያጠረ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከዚያው ከቡልጋሪያ የመጣ ሳጥን አስከፈቱኝ። በላዩ ላይ ትናንሽ ብልቃጦች፣ ከሥር ደግሞ ጉልበት ድረስ የሚደርስ፣ አረንጓዴ፣ መስተዋት የሚመስል የጎማ ቡትስ አለ። እሳቸው ዓይናቸው ብልቃጡ ላይ ቀረ፤ የኔ ቡትሱ ላይ።

"ይሄ የፈንግል ክትባት ነው" አሉኝ፣ ብልቃጡን እንደ ሕፃን ይዘው።

ፈንግልን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የትንፋሽ በሽታ ነው። ዶሮዋ መጀመሪያ እንደ ሰው ታስነጥሳለች። ቀጥሎ አፏን ከፍታ አየር ትለምናለች። ከዚያ አንገቷ ይጠመዘዝና ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም፤ ምሳ እየበላ የሚያነብ አይጠፋም። አንድ ቤት ከገባ ሰፈሩን ጠርጎ ነው የሚወጣው። ክትባት ድሮም ነበረው፤ ግን በበረዶ ካልተያዘ ይበላሻል። ከናዝሬት በረዶ ይዛችሁ ብትነሡ ወለንጪቲ ስትደርሱ ውሃ ነው፤ አዋሽ ስትደርሱ ሻይ ነው። አዲሱ ክትባት ሙቀት ይችላል ተብሎ የተሠራ ነው። ይችላል መባሉን እንጂ መቻሉን ገና ማንም አላየም። የሚያዩት ዶክተሩ ናቸው፤ የሚያሳዩት ዶሮዎቹ፤ ኩሱን የሚጠርገው እኔ።

ለሙከራው ሃያ ዶሮ ያስፈልግ ነበርና ከኦቦ ገመቹ ገዛን። ኦቦ ገመቹ የወለንጪቲ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮዎቹን በዱላ አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ይወርድና በኛ ሰፈር መሀል አቋርጦ ወደ ገበያ ይሄዳል። ሲያልፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ሰፈሩን በስም ያውቀዋል። ሃያዎቹን ሲያስረክበኝ እያንዳንዷን ክንፏን ገልጦ፣ አፏን ከፍቶ አሳየኝ።

"ዶክተር፣ ገመቹ የታመመ ዶሮ ሸጦ አያውቅም" አለኝ። "ስሜን ነው የምሸጠው። ዶሮዋ ምርቃት ናት።"

ከቢሮው ጀርባ ባለ ባዶ መጋዘን አስገባናቸው። ግማሾቹን ቀይ ክር እግራቸው ላይ አስረን ከተብን፤ ግማሾቹን ነጭ ክር አስረን ተውናቸው። ክትባቱ በዓይን የሚንጠባጠብ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዶሮዋን በግራ ክንዴ አቅፌ፣ በቀኝ እጄ ጠብታዋን ዓይኗ ላይ ላሳርፍ ስል ራሷን ታራግፋለች፤ ጠብታዋ የኔ ዓይን ውስጥ ትገባለች። አሥር ዶሮ እስክጨርስ እኔ ሦስት ጊዜ ተከትቤያለሁ። የክትባቱን መሥራት ዶክተሩ ሳያውቁ እኔ ልመሰክር እችላለሁ፤ እስከ ዛሬ ፈንግል ይዞኝ አያውቅም።

ከክትባቱ በኋላ ጥቂት ሳምንት ጠብቀን፣ ቀዩንም ነጩንም ክር በሽታውን እንሰጣቸዋለን። እንግዲህ ማን እንደሚተርፍ ይታያል። ዶክተሩ ይሄን ከመጀመራቸው በፊት ደንብ አወጡ። ቡትሱ ከመጋዘኑ አይወጣም። ስገባ በር ላይ ጫማዬን አወልቄ ቡትሱን አጠልቃለሁ፤ ስወጣ ቡትሱን በመድኃኒት ውሃ ነክሬ፣ አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ በጫማዬ እሄዳለሁ።

"ቫይረስ እግር የለውም" ይሉኝ ነበር ጠዋት ጠዋት። "የሚሄደው ባንተ እግር ነው። ገባህ?"

"ገብቶኛል ዶክተር።"

ገብቶኝ ነበር እኮ! አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ባላወራሁ።

እትዬ ድንቅነሽ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዶሮዎቻቸው የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። አሥራ ሁለት ዶሮና አንድ ማን አለብኝ ባይ አውራ ዶሮ ነበራቸው። እኔ ወንደላጤ ነኝና አንድ እንቁላል ሲተርፋቸው "ይሄ ልጅ በሻይ ብቻ ሊሞት ነው" ብለው በሩን አንኳኩተው ይሰጡኛል። ስለ ክትባቱ ሲሰሙ መጡ።

"እስቲ ለኔዎቹም ጠብ አድርግልኝ።"

"አይቻልም እትዬ። ገና ሙከራ ላይ ያለ ነው።"

"ሙከራ ከሆነማ እኔም ልሞክረዋ!"

"ደንብ ነው። አንዲት ጠብታ ከቢሮ አትወጣም።" ይሄን ስል ድምፄን ወፈር አድርጌ ነበር። እውነቴን ነበር ደግሞ። የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ ደንቡን ለጠብታዋ አከበርኩ፣ ለቡትሱ ግን አፈረስኩት።

ዶክተሩ በሽታውን ለዶሮዎቹ የሰጡ ሳምንት ነጭ ክሮቹ ማስነጠስ ጀመሩ። እየጠረግሁ አያለሁ፣ እየመዘገብኩ አያለሁ። ከመካከላቸው አንዲት ነጠብጣብ ነበረች፤ ስገባ ሮጣ መጥታ የቡትሴን ጫፍ የምትለቅም። እሷም ነጭ ክር ናት። ብልቃጡ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። አሁን ቢሰጣትም አይጠቅማትም። ማክሰኞ ጠዋት አንገቷ ተጠምዝዞ አገኘኋት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ናዝሬት ላይ የበልግ ዝናብ ወረደ። ዝናብ ብያችሁ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ አዋሽ መንገድ ስቶ የመጣ ነበር የሚመስለው። ልወጣ ስል በሩ ላይ ያወለቅሁት ጫማዬ ውሃ ሞልቶ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። ውጭ ሰው ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ያቦካል። ወደ ታች ቡትሴን አየሁት። አረንጓዴ፣ የሚያበራ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ! ናዝሬት ውስጥ እንዲህ ያለ ቡትስ ያለው ሰው አልነበረም። ዶክተሩ ለስብሰባ ሄደዋል። የመድኃኒቱ ውሃ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ማደስ ነበረብኝ። እግሬን ነከር አደረግሁና 'ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል' አልኩ።

እንዲያ ያለ ሐሳብ የሚመጣው ሰው እውነቱን አስቀድሞ ሲያውቅ ነው።

በዋናው መንገድ መሀል ለመሀል ሄድኩ። ሌላው ሰው ዳር ዳሩን እየዘለለ፣ እኔ እያንዳንዱን ኩሬ እየመረጥኩ እገባበታለሁ። ሦስት ሰው ዞሮ አይቶኛል፤ ቆጥሬያለሁ። ሰፈር ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። እትዬ ድንቅነሽ በራቸው ላይ ቆመዋል።

"እሰይ! ዛሬስ ጄኔራል መስለሃል! ና እስቲ ቀረብ በል ልየው።"

ገባሁ። ግቢያቸው መሀል ቆምኩ። ዶሮዎቹ ከዝናቡ መጠለያ ወጥተው ከበቡኝ። በቡትሱ ሥር፣ በጎማው ስንጥቅ ውስጥ የመጋዘኑ መኖ ተጣብቆ ኖሮ እሱን መልቀም ጀመሩ። አንዱን እግሬን ላነሣ ስል እትዬ "ተው እባክህ፣ ይብሉ" አሉኝ። እንዳላስደነግጣቸው ብዬ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሁሉም በልተው እስኪጨርሱ፣ ስለ ቡትሱ አገር ስለ ቡልጋሪያ፣ አይቼው ስለማላውቅ አገር ለእትዬ እያወራሁላቸው ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ቅዳሜ ኦቦ ገመቹ እንደ ልማዱ ሲያልፍ እትዬ ድንቅነሽ ለፋሲካ የሚያደርሷቸው ሁለት ዶሮዎች ከሱ ገዙ። በሳምንቱ ረቡዕ አውራው ዶሮ ሲጮኽ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሐሙስ አስነጠሰ። እትዬ ጠሩኝ፤ ገብቼ ሳየው የመጋዘኑን በሽታ አወቅሁት። በአራት ቀን ውስጥ የሳቸው ግቢ ባዶ ሆነ። ከዚያ አጥር ተሻገረ። ከዚያ መንገድ ተሻገረ። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰፈራችን ውስጥ የዶሮ ድምፅ ጠፋ፤ ሰው ሰዓቱን በምን እንደሚያውቅ ግራ ገባው።

እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ጓድ ሽፈራው በሙያው ልብስ ሰፊ ነበር፤ ንግግርም ያሰፋል። ከዓለም አቀፍ ሁኔታ ጀምሮ፣ ወዛደሩን አካቶ፣ በሦስተኛው ሰዓት ዶሮ ላይ ደረሰ። አንዱ ተነሥቶ "የኢምፔሪያሊዝም እጅ እንዳይኖርበት" አለ። ሌላው "በዶሯችን ምን አገባው?" አለ። "ዛሬ በዶሮ የጀመረ ነገ በበሬ ይመጣል!" ተባለ። እኔ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ሰው ፊቴን እንዳያይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ። የሚገርመው ጫማዬ ክር የለውም።

"ጓድ ዶክተር!" አለ ሊቀመንበሩ። "እስቲ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ስጠን። በሽታው ከየት መጣ?"

ተነሣሁ። በዚያ ዘመን "አሻጥር" የምትባል ቃል ነበረች። የመንግሥት ሥራ በቸልታ ተበላሸ ማለትና አሻጥር ተሠራ ማለት በአንዲት ትንሽ ወረቀት ነው የሚለያዩት፤ ወረቀቷን የሚጽፋት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በአሻጥር ተጠርጥሮ የሄደ ሰው አውቅ ነበር። ሲመለስ ግን አላየሁትም። እኔ ብቻ ሳልሆን ዶክተሩም አብረው ይሄዳሉ። ይሄ ሁሉ በአእምሮዬ ውስጥ አለፈና አፌን ከፈትኩ።

"በሽታው... ከውጭ የገባ ነው" አልኩ።

ሐሰት አልነበረም እኮ! ከውጭ ነው የገባው። ያስገባው ማን እንደሆነ አልተጠየቅሁም።

"ከውጭ?" አሉ እትዬ ድንቅነሽ ከወዲያ። "ወይኔ ጉዴ! ቅዳሜ ከወለንጪቲው ሰውዬ ሁለት ዶሮ ገዝቻለሁ እኮ!"

አዳራሹ ነደደ። 'አይደለም' የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው። እስክትወጣ ስጠብቃት ሊቀመንበሩ እጅ ማስወጣት ጀመረ። የወለንጪቲው ዶሮ ነጋዴ በሰፈራችን እንዳያልፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የኔም እጅ ወጥቷል፤ ክንዴ ራሱን ችሎ ነው የወጣው።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። የአብዮት ጥበቃዎች መንገዱ አፍ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ኦቦ ገመቹ ለፋሲካ ገበያ አሥራ አራት ዶሮ አንጠልጥሎ መጣ። ስለ ውሳኔው የነገረው ሰው የለም። ያዙት። እኔን ከቤቴ አስጠሩኝ።

"ጓድ ዶክተር፣ መርምርልን።"

ኦቦ ገመቹ አንዷን ቀይ ዶሮ ፈትቶ ሰጠኝ። አቀፍኳት። ትንፋሿ ጥርት ያለ ነው። ዓይኗ እንደ ዶቃ ያበራል። ክንፏን ገለጥኩ፣ አፏን ከፈትኩ፣ እሱ ያስተማረኝን ሁሉ አደረግሁ። በዚያን ቀን በናዝሬት ከተማ ከሷ የበለጠ ጤነኛ ፍጥረት አልነበረም።

"አንተ ታውቃለህ ዶክተር" አለ ኦቦ ገመቹ። አልተቆጣም፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ነበር የሚመስለው። "ንገራቸው።"

ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል። ደህና ናት ብል፣ ታዲያ በሽታው ከየት መጣ ሊሉኝ ነው።

"እንግዲህ..." አልኩ፣ "በዓይን ብቻ አይታወቅም። መጠርጠር ግን... መጠርጠር ይቻላል።"

ጠባቂዎቹ ከዚህ በላይ ሳይንስ አላስፈለጋቸውም። ጉድጓድ ተቆፈረ። ቀይዋን ከክንዴ ወሰዷት። አሥራ አራቱም ታርደው አፈር ተመለሰባቸው። ኦቦ ገመቹ ዳር ቆሞ አየ። ሲያልቅ፣ ዶሮዎቹ የታሰሩበትን ገመድ ከመሬት አንሥቶ አራገፈ፣ በእጁ ላይ ጠቀለለ፣ "ነጋቲ" አለኝ። ሰላም ሁን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስንብት ከስድብ ይብሳል።

ክትባቱ ሠራ። ነጭ ክሮቹ በሙሉ አለቁ፤ ቀይ ክሮቹ ግን አንዳቸውም አላስነጠሱም። ዶክተሩ በደስታ ሲያቅፉኝ አገጬ ሥር ቀሩ። ሪፖርቱን ሲጽፉ ቀና ብለው "በሽታው ከመጋዘኑ አልወጣም አይደል?" አሉኝ። "አልወጣም" አልኩ። ጻፉት። ፈረምኩበት። ብዙም ሳይቆዩ በእድገት ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፣ ለኔም የምስጋና ወረቀት ትተውልኝ ሄዱ።

ፋሲካ ዕለት ሰፈሩ ያለ ዶሮ ወጥ ጾሙን ፈታ። እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ድንቅነሽ ናቸው፤ ከቅርጫ የደረሰቻቸውን ሥጋ ቀይ ወጥ ሠርተው በሳህን ይዘዋል።

"ዶሮ የለም ዘንድሮ" አሉ፣ እሳቸው ያጠፉ ይመስል እያፈሩ። "በዚች አድርገህ ጾምህን ግደፍ።"

በላሁት ልበላችሁ? በላሁት። ጨርሼ ሳህኑን አጠብኩት። ከዚያ አለቀስኩ፤ ለእንባዬም ጊዜ መረጥኩለት፣ ሳህኑ ከታጠበ በኋላ።

እስከ ጥቅምት ቻልኩት። በጥቅምት አንድ ቀን ወለንጪቲ ሄድኩ። ገበያው ውስጥ አንዷን ሴት "ኦቦ ገመቹ የት አለ?" ስላት "የቱ? ገመቹ ፈንግል?" አለችኝ። ለካ ስሙ ከኔ ቀድሞ ደርሷል። እንደዚያ የሚባል ሰው ዶሮ ቢሸጥ ማን ይገዛዋል? ጆንያ ላይ ሽንኩርት ዘርግቶ ተቀምጦ አገኘሁት።

"አካም ጅርታ ኦቦ ገመቹ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ነጋ" አለ፣ ደህና ማለቱ ነው። "አሁን የምሸጠው ሽንኩርት ነው። እሱንም ልትመረምር ነው?"

አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ቡትሱን፣ ዝናቡን፣ ዶሮዎቹ የለቀሙትን፣ አሻጥር የምትለዋን ቃል። ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ሲመጣ ዝም እላለሁ፣ ሲሄድ እቀጥላለሁ። ጨረስኩ። እሱ አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ከመሀል አውጥቶ ወረወረ።

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ዶሮዬ ደህና እንደነበረች እኔ አውቃለሁ" አለ። "የማያውቁት እነሱ ናቸው። ለነሱ ንገር።"

"እነግራለሁ።"

"እዚያው። በተናገርክበት ቦታ።"

ስብሰባው ሦስት ጊዜ ተላለፈ። አንዴ ለዘመቻ፣ አንዴ ለሰልፍ፣ አንዴ ሊቀመንበሩ የደንብ ልብስ ሰፍቶ እንዲያስረክብ ታዝዞ። መተላለፉ ልቤን ሲያሳርፈው፣ ማረፉ ደግሞ ሲያናድደኝ ከረመ። በአራተኛው "ልዩ ልዩ" የሚለው አጀንዳ ላይ እጄን አወጣሁ። ቆሜ፣ በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የኦቦ ገመቹ ዶሮዎች ጤነኞች ነበሩ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ። ለእስር ቤቱ፣ ለረሃቡ፣ ለሁሉም ቆርጬ ነበር። ጋቢዬን ይዤ ነው የሄድኩት።

ከፊት አንድ ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

"ይህ ነው ግለ ሂስ ማለት!" አለ ጓድ ሽፈራው ተነሥቶ። ዓይኑ እንባ አዝሏል። "ጓድ ዶክተር ለባላገሩ ወገናቸው ብለው ጥፋትን በራሳቸው ላይ ወሰዱ! ከዚህ መማር አለብን ጓዶች!"

"ኧረ እውነቴን ነው!" ብዬ ጮህኩ። የባሰ አጨበጨቡ። የነጋዴው ጉዳይ ይጠና ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ ተብዬ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ሰባት ጊዜ ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ቀረ። ለስድስቱ የመጣነው እኔና በር ከፋቹ ነበርን፤ በሰባተኛው በር ከፋቹም ቀረ።

ከስብሰባው ስንወጣ እትዬ ድንቅነሽ ክንዴን ያዙኝ።

"አንተ ልጅ፣ አንጀትህ ርኅሩኅ ነው። ግን ለሰው ብለህ ስምህን አታጥፋ።"

"እትዬ፣ ያን ዕለት ግቢዎ መሀል ቆሜ፣ ዶሮዎቹ ቡትሴን ሲለቅሙ አላዩም?"

እጃቸው ክንዴ ላይ ቆመ። ብዙ ሄድን።

"አይቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። ቀስ ብለው ክንዴን ለቀቁት። "አይቻለሁ። ተወው በቃ።" ከዚያን ቀን በኋላ ሰላምታቸው አልጎደለም። እንቁላሉ ግን አልመጣም። በዓመቱ አዳዲስ ዶሮ ሲገዙ ጠብታ ይዤ ሄጄ፣ በባዶ እግሬ ገብቼ ከተብኩላቸው። ወንበር ሰጡኝ። ስለ ቡልጋሪያ አልጠየቁኝም።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ገመቹን አውቶቡስ መናኸሪያው አገኘሁት፤ የሽንኩርት ጆንያውን ተሸክሟል። እንደተናገርኩ፣ እንደተጨበጨበልኝ ነገርኩት። ጆንያውን አውርዶ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ።

"ስትዋሽ አመኑህ፣ እውነት ስትናገር አጨበጨቡልህ!" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "አይ ዶክተር! አንተንስ ምን ዓይነት በሽታ ነው የያዘህ?"

"ይቅር ይበሉኝ ኦቦ ገመቹ።"

ሳቁ ቆመ። ገበያተኛው እየገፋን ሲያልፍ ጆንያውን ወደ ራሱ ሳበ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለ። "ከልቤ ነው፤ ዋቃ ያውቃል።"

ተነሣ። ጆንያውን ትከሻው ላይ አሳረፈና መንገድ ጀመረ። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ጋ ሲደርስ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ በባቡር ሐዲዱ በኩል፣ ከተማውን በሚዞረው አቧራማ መንገድ ሄደ። ሮጬ ደረስኩበት።

"በዚህ በኩል ቅርብ ነው እኮ! አሁን የሚከለክልዎ ማንም የለም።"

"አውቃለሁ" አለኝ፣ ሳይቆም። "ልጆቹ ግን ሲያዩኝ ፈንግል መጣ እያሉ ዶሮዎቻቸውን ያስገባሉ።"

ጆንያውን በአንድ ወገን ያዝኩለት። እንቢ አላለም። ዙሪያው በጣም ሩቅ ነበር።